ከአዲስ አበባ ዙሪያ ወጥቶ መመገብ፦ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ተመጋቢው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት ከአዲስ አበባ የሚወጡ መኪኖች በሦስት አቅጣጫ ይበዛሉ። አንደኛው የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወስደው የጎጃም መንገድ ነው። ሁለተኛው በቡራዩ በኩል ገፈርሳን አልፎ ወደ አምቦ ያመራል። ሦስተኛው በዓለም ገና አድርጎ ሰበታን የሚያቋርጠው የጅማ መንገድ ነው። ከእነዚህ መንገደኞች ብዙዎቹ የሚወጡት ለመብላትና ለመጠጣት ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉት ሥጋ ቤቶች፣ ክትፎ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶችና ሆቴሎች ለከተሞቹ ነዋሪ መተዳደሪያ፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ ነፋሻ አየር የሚያገኝበትና ወዳጁን የሚጋብዝበት ስፍራ ሆነዋል። የባሕር ዳርቻ ባለባቸው አገሮች የከተማ ሰው እሑዱን በባሕር ዳር እንደሚያሳልፍ ሁሉ፣ የመዲናዋ ነዋሪ ወደዚህ ደጋማ ዳርቻ ይወጣል።

ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በክፍለ ከተማነት የተደራጁ ሲሆን፣ ገፈርሳም ገፈርሳ ጉጄ ለተባለው ክፍለ ከተማ ስሙን ሰጥቷል። ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች የሚገኝ ምግብ ቤትን የሚመለከት ጥያቄ ወይም ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ የሚያመለክተው ቤቱ ለሚገኝበት ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት እንጂ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አይደለም።

ይህ መረጃ ተመጋቢው ከመቀመጡ በፊት ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ሕመም ወይም ቅሬታ ሲያጋጥመውም ወዴት መሄድ እንዳለበት ያስረዳል። ሰፊውን ቦታ የያዘው ጥሬ ሥጋ ነው። ወደነዚህ ከተሞች ከሚያስጉዙት ምግቦች ቀዳሚው እርሱ በመሆኑና በእሳት የማያልፍ ምግብ ደኅንነቱ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው ከገበታው በፊት በተሠራው ሥራ በመሆኑ ነው።

ሥጋው የት ታረደ?

ሥጋ ቤት የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሻኛው ውፍረትና በስቡ መልክ ላይ ነው። ሊፈልገው የሚገባው ግን ማኅተሙን ነው። በቄራ የሚታረድ ከብት ከመታረዱ በፊት በቁሙ ይመረመራል። ከታረደም በኋላ ምላሱ፣ የመንጋጋው ጡንቻ፣ ልቡ፣ ሳንባው፣ ጉበቱና ሌሎች የአካል ክፍሎቹ በሠለጠነ የሥጋ መርማሪ ይታያሉ። ምርመራውን ያለፈ ሥጋ በቀለም ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ የሚታየው በተሰቀለው ብልት ላይ ነው። ሥጋው ተቆርጦ በሣህን ከቀረበ በኋላ ግን ምልክቱን ማግኘት ስለማይቻል፣ ተመጋቢው ማየት ያለበት ከማዘዙ በፊት ነው። በኢትዮጵያ የሥጋ ምርመራ በሕግ ከተደነገገ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለሆነም ማኅተም እንዲያሳዩት የጠየቀ ደንበኛ አዲስ ነገር አልጠየቀም።

ማኅተሙ ስለ ሁሉም ነገር ዋስትና እንደማይሰጥ ማወቅም ተገቢ ነው። መርማሪው ጡንቻውን በተወሰኑ ቦታዎች ሰንጥቆ በዓይኑ የሚያይ በመሆኑ፣ በጥቂቱ የተያዘ ከብት ሊያመልጠው ይችላል። ይሁን እንጂ በማኅተምና ያለማኅተም መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በጓሮ የታረደ፣ ታሞ የታረደ ወይም ከሞተ በኋላ የተገፈፈ ከብት በርካሽ ዋጋ ወደ ገበያ የሚገባው ያለ ምርመራ ነው። ከእነዚህ መካከል በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ከሁሉ የከፋ አደጋ አለው። በሽታው ሥጋውን የበላውን ብቻ ሳይሆን ቆዳውን የገፈፈውንና ሥጋውን የከተፈውንም ይይዛል። የበሽታው አምጪ ተሕዋስ የሚያበጀው ዘር በተለመደው የማብሰል ሙቀት ላይጠፋ ስለሚችል፣ «አብስለን እንበላዋለን» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

በየሥጋ ቤቱ በር ላይ የሚሰቀለው የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ሥጋው በየትኛው እምነት ሥርዓት እንደታረደ ለደንበኛው የሚገልጽ ሲሆን፣ የጤና ምርመራ መደረጉን ግን አያመለክትም። ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው።

የሱሉልታ ብርድ ለብዙ ሰው መተማመኛ ሆኗል፤ «እዚህ ሥጋ አይበላሽም» ሲባል ይሰማል። ሌሊቱና ማለዳው ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው። በቀትር ፀሐይ መስኮት ላይ የተሰቀለ ሥጋ ግን ዝንብና አቧራ ካገኘው የአየሩ ብርድ ብቻውን አያድነውም። የተከተፈ ሥጋና የበሰለ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በማቀዝቀዣ ሊቀመጥ፣ ለመቅረብ የሚጠባበቅ ትኩስ ምግብ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይገባል። በእነዚህ ሁለት መጠኖች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ ተሕዋስያን የሚራቡበት ይሆናል። በተለይ ከረጅም ጾም ዋዜማ የተረፈ ሥጋና በፋሲካ ሰሞን በጥድፊያ የሚቀርብ ሥጋ ይህን ጥንቃቄ ይሻሉ።

ከማኅተሙ ቀጥሎ መታየት ያለበት የቆራጩ እጅ ነው። ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ገንዘብ ሲቀበል፣ ስልክ ሲያነሣና ተመልሶ ቢላዋውን ሲይዝ ከታየ፣ ሥጋው በቄራ የተደረገለት ጥንቃቄ በመደርደሪያው ላይ ይጠፋል። ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ ወይም ቃሪያ መክተፍም እንዲሁ ነው። በምግብ ዝግጅት ላይ የሚሠሩ ሁሉ በየጊዜው የጤና ምርመራ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የእጅ መታጠቢያውም ሊታይ ይገባል። በኢትዮጵያ ገበታ ከመቅረቡ በፊት እጅ ማስታጠብ ነባር ባህል ነው። በበሩ አጠገብ ቧንቧ ተተክሎ ውሃም ሳሙናም የሌለበት ቤት ግን ባህሉን በስም ብቻ ይዞታል።

ተመጋቢውን ከመጠየቅ የሚያግደው ብዙ ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ጋባዡ የመረጠውን ቤት መጠራጠር ጋባዡን መንካት ይመስላል፤ የቀረበ ጉርሻን መመለስም ከባድ ነው። ስለዚህ ቤት የመምረጡና ማኅተም የማየቱ ኃላፊነት በጋባዡ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ የማይበላ እንግዳ ካለም ጥብስ አስቀድሞ ማዘዝ ማንንም አያሳፍርም።

ኮሶ በጥሬ ሥጋ እንዴት ይመጣል?

የኮሶ ትል በተለምዶ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። መድኃኒቱ የታወቀ በመሆኑ ብዙ ሰው ጥሬ ሥጋን ከኮሶ ጋር አብሮ የሚመጣ ባህርይ አድርጎ ተቀብሎታል። ሂደቱን ላወቀው ግን ጉዳዩ ከአንድ ሰው ሆድ ያለፈ ነው።

በአንጀቱ ውስጥ የኮሶ ትል ያለበት ሰው ከሰገራው ጋር የትሉን ቁራጮችና እንቁላሎች ያስወጣል። ሰገራው በሜዳ ላይ ከተጣለ ወይም የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ግጦሽና ወደ ወንዝ ከተለቀቀ፣ ከብቱ ሣር ሲግጥና ውሃ ሲጠጣ እንቁላሎቹን ይውጣል። እንቁላሉ በከብቱ አካል ተፈልፍሎ ወደ ጡንቻው በመዝለቅ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ትንሽ ፈሳሽ የቋጠረች ከረጢት ይሆናል። ሰው ያንን ጡንቻ ጥሬውን ወይም በቅጡ ሳይበስል ሲበላ፣ ከረጢቷ በአንጀቱ ተከፍታ ትሉ ይጣበቃል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥም አድጎ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ከዚያም ዑደቱ እንደገና ይጀመራል።

ከዚህ የሚነሡ ጠቃሚ ነጥቦች አሉ። በመጀመሪያ፣ ኮሶ ከሰው ወደ ሰው በእጅ ንክኪ የሚተላለፍ አይደለም፤ በከብቱ በኩል ማለፍ አለበት። ዑደቱን የሚጀምረው ሰው ነውና መጸዳጃ ቤት የሌለው ወይም ፍሳሹን ወደ ሜዳ የሚለቅ ምግብ ቤት ዛሬ በሚያስተናግደው ደንበኛ ምክንያት የነገን ሥጋ ይበክላል። ገፈርሳ ደግሞ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚያቀርቡት ግድቦች አንዱ የሚገኝበት አካባቢ ነው። በዙሪያው ያሉ ቤቶች የሚለቁት ፍሳሽ፣ ደምና የሥጋ ተረፈ ምርት የግጦሽ ብቻ ሳይሆን የውሃም ጉዳይ ነው። ተመጋቢው የምግብ ቤቱን መጸዳጃ ሲመለከት ስለ ንጽሕናው ብቻ ሳይሆን ስለ ሥጋውም መረጃ ያገኛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ በስፋት የሚነገር ስሕተትን ይመለከታል። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭና ሎሚ የኮሶን ከረጢት አይገድሉም። ከሥጋው ጋር የሚጠጣ አረቄም አይገድልም። ከረጢቷን የሚገድላት ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ የደረሰ ሥጋ፣ ወይም በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ10 ቀናት እስከ ውስጡ ቀዝቅዞ የቆየ ሥጋ ነው። ትኩስ ሥጋ የሚወድ ደንበኛ የቀዘቀዘውን አይመርጥም፤ ጥሬ ሥጋን ሙሉ በሙሉ ከስጋት ነጻ ማድረግ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

የትሉን ቁራጭ በሰገራው ወይም በልብሱ ላይ ያየ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሊመረመር ይገባል። ሕክምናው አጭርና ውጤታማ ነው። የኮሶ ዛፍ አበባ ለዘመናት በባህላዊ መድኃኒትነት ያገለገለ ቢሆንም፣ መጠኑ ካልተለካ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ሊወስዱት አይገባም። ነፍሰ ጡር እናቶች ከጥሬ ሥጋም ሊታቀቡ ይገባል፤ በጥሬ ሥጋ ሊገኝ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋስ ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላልና።

ቁርጥ፣ ክትፎና ጥብስ

ብዙ ሰው ክትፎን ከቁርጥ የቀለለ አድርጎ ያየዋል። በባክቴሪያ ረገድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ብልት ላይ በእጅና በቢላዋ የሚደርሰው ብክለት በአብዛኛው በገጽታው ላይ ይቀራል። ሥጋው ሲከተፍ የላዩ ወደ ውስጥ ይገባና በሁሉም ቦታ ይዳረሳል። «ለብ ለብ» የተባለው ክትፎም ቅቤው ስለሞቀ ብቻ በሰለ ማለት አይደለም፤ የሥጋው መሐል ከሰውነት ሙቀት ብዙ ላይበልጥ ይችላል። ክትፎውን አብስሎ መብላት የሚፈልግ ሰው «ለብ ለብ» ሳይሆን «የበሰለ» ብሎ ማዘዝ አለበት። በሚገባ የበሰለ የተከተፈ ሥጋ መሐሉ ከ70 ዲግሪ በላይ የደረሰና ቀይ መልኩ የጠፋ ነው።

የአካባቢው ከፍታም ግምት ውስጥ ይገባል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በግምት በ91 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ቅቅልም ሆነ ወጥ በቆላ ከሚበስልበት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ቢጣድም ሙቀቱ ስለማይጨምር ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያበስለው። በችኮላ የወጣ ቅቅል አጥንቱ አጠገብ ደም ከታየበት መልሶ ማስጣድ የደንበኛው መብት ነው።

ወተትና ዓሣ

ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ያለው ቀበቶ የወተት ላሞች በብዛት የሚረቡበት በመሆኑ በየመንገዱ ዳር ወተት፣ እርጎና አይብ ይሸጣል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሚገኙ የወተት እርባታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የከብት ሳንባ ነቀርሳ መኖሩን አሳይተዋል። ይህ በሽታና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ወተቱ ወደ እርጎ መለወጡ ተሕዋስያኑን እንደሚያጠፋ ማረጋገጫ አይሆንም። መፍትሔው ማፍላት ነው።

ዓሣ በጾም ወራት በነዚህ ከተሞች ተፈላጊነቱ ይጨምራል፤ ጾም ነው አይደለም የሚለው ለየምእመኑ የተተወ ነው። የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በሰበታ ቢኖርም፣ በገበታ ላይ የሚቀርበው ዓሣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ከጣና የሚመጣ ስለሆነ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጉሮሮው የጠቆረ፣ ሲነካ የጎደጎደው ተመልሶ የማይነሣ ዓሣ በመንገድ ላይ ተበላሽቷል። ተጠብሶ ከቀረበ በኋላ ይህን መለየት ስለማይቻል ከመጠበሱ በፊት ማየት ይገባል።

መጠጥ

ሰበታ ስሟ ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ጋር አብሮ ይነሣል፤ በገጠሩ በኩል ያሉት ጠጅና ጠላ ቤቶችም የቆዩ ናቸው። በፋብሪካ የሚመረተው ቢራ የአልኮል መጠኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ጠጅ ግን እንደ ጠማቂው ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቢራ ይጠነክራል፤ ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ይሸፍነዋል። ማር ሲወደድ በስኳር የሚጠመቅ ጠጅ ይበዛል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ በእጅ ሊፈተግ አይችልምና እንዴት እንደሚታጠብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠላን በሚመለከት ዋናው ጉዳይ ውሃው ነው፤ ያልተጣራ ወይም ያልፈላ ውሃ የተጨመረበት ጠላ የተቅማጥ መነሻ ይሆናል።

ምንጩ ያልታወቀ፣ መለያ የሌለው ወይም ክዳኑ የተከፈተ አረቄና ሌላ ጠንካራ መጠጥ መጠጣት ለሕይወት ያሰጋል። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል በመልክም በጣዕምም አይለይም። ሰካራምነት ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ፣ የዓይን ብዥታ፣ ብርቱ ራስ ምታትና ትውከት ከታየ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። «ስካሩ ነው፣ ይተኛ» ተብሎ የተተወ ሰው ዓይነ ስውር ሊሆን ወይም ሊሞት ይችላል።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው። ሕዝብ በሚያገለግል ቤት ውስጥና ከበሩ ወይም ከመስኮቱ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ትምባሆ ማጨስም ክልክል ነው። አጠገቡ ሲጨስ ያገኘ ተመጋቢ የቤቱን ኃላፊ ማሳሰብ ይችላል።

ወደ እነዚህ ከተሞች የሄደ ሰው መመለስም አለበት። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ያለበት ሲሆን፣ እሑድ ማምሻ ጭጋግም ሊወርድበት ይችላል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጥሬ ሥጋ ስካርን አያበርዱም፤ አልኮል ከሰውነት የሚወጣው በጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቢራ ለመውጣት በግምት አንድ ሰዓት ይወስዳል። የሚያሽከረክረው ሰው ማን እንደሆነ መወሰን ያለበት የመጀመሪያው ብርጭቆ ከመቅረቡ በፊት ነው።

ዋጋና ደረሰኝ

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በግልጽ የመለጠፍና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥጋ በኪሎ ስለሚሸጥ ሚዛኑ ደንበኛው በሚያየው ቦታ መሆን አለበት። የሥጋው ዋጋ የመጥበሻውን ክፍያ መጨመር አለመጨመሩን፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካትቶ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ በኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ደረሰኙ ለገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለጤና ቅሬታም የት፣ መቼና ምን እንደተበላ የሚያስረዳ ማስረጃ ነው።

ሕመም ሲያጋጥም

የታመመ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በመጨረሻ በበላበት ቤት ላይ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። በበላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ትውከት ብዙ ጊዜ በምግቡ ላይ አስቀድሞ ከተፈጠረ መርዝ ይመጣል። የሳልሞኔላ ሕመም ከ6 ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ታይፎይድ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ኮሶ ደግሞ ወራትን ይወስዳል። ስለዚህ ለሐኪም የሚነገረው የትናንቱ ምሳ ብቻ ሳይሆን የቀደሙት ሳምንታት አመጋገብ ጭምር መሆን አለበት።

ተቅማጥ ለያዘው ሰው የመጀመሪያው እርዳታ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ በብዛት መጠጣት ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ገዝቶ መውሰድ አይገባም። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የሽንት መቀነስ ወይም የዓይን መጎድጎድ ከታየ፣ በተለይ በሕፃናት፣ በነፍሰ ጡሮችና በአረጋውያን ላይ፣ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከአንድ ማዕድ የበሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከታመሙ ጉዳዩ የግል ሕመም ብቻ አይሆንም። ምግብ ቤቱ ለሚገኝበት ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ሌሎች ተመጋቢዎችን ያድናል። ያለ ማኅተም የሚሸጥ ሥጋም ለዚሁ ጽሕፈት ቤት ይጠቆማል። የዋጋ፣ የሚዛንና የደረሰኝ ቅሬታ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የታሸገ ምግብና መጠጥን የሚመለከት ጥቆማ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ የስልክ መስመር መስጠት ይቻላል። ጥቆማ የሚሰጠው ሰው የቤቱን ስምና አድራሻ፣ የተበላበትን ቀንና ሰዓት፣ የቀረበውን ምግብ ዓይነት፣ አብረው የበሉትን ሰዎች ብዛትና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ቢቀርብ ለማጣራት ይረዳል። ከምግቡ ወይም ከመጠጡ የተረፈ ካለ ሳይጣል በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በማቀዝቀዣ እንዲቆይ፣ ጠርሙሱም ሳይታጠብ ከነመለያው እንዲቀመጥ ያስፈልጋል።